የአማቴ መኪና አዲስ ማርሚታ

ለምወድሽ እናቴ፣

እንደምን ሰነበትሽ እማዬ? ጉልበትሽ እንዴት ነው? ደረጃ ስትወጪ የሚጠዘጥዝሽ ቀኙ ነበር ግራው? እንቅልፍሽስ? ዓይንሽስ? መነጽርሽን ታደርጊዋለሽ ወይስ እንደ ልማድሽ መሳቢያ ውስጥ አስተኝተሽዋል? እውነቱን ጻፊልኝ። «ደህና ነኝ» ብቻ ብለሽ እንዳታልፊኝ፤ አንቺ ደህና ነኝ ስትዪ ምን ያህሉ እውነት እንደሆነ ልጅሽ አጥቼው አላውቅም። እኔ፣ ናፍቆትሽ አልፎ አልፎ ከመቀስቀሱ በቀር፣ በጣም ደህና ነኝ። ምራትሽም ደህና ናት። ይህን ስጽፍ ከጎኔ ተቀምጣ «የቱ ጋ ደረስክ? መኪናዋ ጋ ደረስክ?» እያለች ትነዘንዘኛለች።

እማዬ፣ ሰሞኑን ደስ ብሎኛል። ደስ ብሎኛል ስልሽ እንደ ሕፃን ነው። ጋራዥ ውስጥ ብሎን እየፈታሁ ብቻዬን ስስቅ ይይዙኛል። ለምን እንደሆነ ልንገርሽ፤ ግን ወግ የሚያምረው ከሥሩ ሲነሳ ነውና ትንሽ ታገሺኝ።

በየደብዳቤሽ «አማትህ እንዴት ናቸው?» ትዪኛለሽ፤ እኔም «ደህና ናቸው» ብዬ ነገሩን አሳጥርልሻለሁ። ያሳጠርኩት ለምን መሰለሽ? የሚረዝም ነገር ስላልነበረ ነው። ሴትዮዋ ከእኔ ጋር ጨዋታ አልነበራቸውም። ልጃቸውን ካገባሁ ጀምሮ ቤታቸው ስገባ «እንደምን አደሩ እማማ» እላለሁ፤ እሳቸው ግድግዳውን ያያሉ። «ልርዳዎት?» እላለሁ፤ አልፈውኝ ይሄዳሉ። ገበታ ላይ ስለ ሥራዬ አንድ ነገር ጀምሬ ሳወራ በመሃል ብድግ ብለው ሳህን ያነሳሉ። እንዲህ ያለ ፊት መንሳት በዕድሜዬ አላየሁም። ምራትሽ «እናቴ ተፈጥሮዋ ነው፣ ወደ ልብህ አታስገባው» ትለኛለች። እንዳይገባ የት ብዬ ልከልክለው? ገባ እንጂ። ሚስቴን የወለዱ፣ ነገ ልጅ ብንወልድ አያት የሚሆኑ ሰው እንደ ሰው ሳይቆጥሩኝ መኖር ከበደኝ።

ከሁሉ ይበልጥ ያንገበገበኝ ደግሞ ጥሩምባን መውደዳቸው ነበር። ጥሩምባ የጋራዡ ባለቤት ነው፤ ስሙን ያወጡለት ደንበኞቹ ናቸው። «ብሎን አቀብለኝ» ሲል ማዶ ሰፈር ያለ ሰው ብሎን ይዞ ይመጣል። ልቡ ወርቅ ነው፤ አፉ ግን ክዳን የለውም። ባለጌ ቀልድ ይቀልዳል፣ እየተናገረ ይበላል፣ ትልቅ ሰው ትከሻ ላይ መታ መታ ያደርጋል። አማቴ እሱ ዘንድ ሲመጡ ይፍለቀለቃሉ! «ይሄ ሰው ጨዋታ ያውቃል» ይላሉ። እኔ፣ በአንቺ እጅ ያደግሁት፣ በትልቅ ሰው ፊት ዓይኔን ሰብሬ ድምፄን ዝቅ አድርጌ የምናገረው፣ ከጎማ ክምር ተቆጠርኩ። ምን በደልኳቸው እያልኩ ሥራዬን እሠራለሁ።

አሁን መኪናዋ ጋ ደረስኩ። አማቴ የስፖርት መኪና አለቻቸው። አትሳቂ! ባለ ሁለት ወንበር ናት፤ ጣሪያዋ ተሰብስቦ ወደ ኋላ የሚታጠፍ ጨርቅ፣ ኮፈኗ ረጅም፣ ቂጧ አጭር፣ ቀለሟ ጥቁር አረንጓዴ። ከእኔ በዕድሜ ትበልጣለች፤ «እትዬ» ልላት ይገባኛል። በወጣትነታቸው አዋላጅ ሆነው ሲሠሩ ራሳቸው የገዟት ናት። ምጥ የያዛት ሴት ዘንድ ቶሎ ለመድረስ ነው ይላሉ፤ ምራትሽ ግን «ውሸቷን ነው፣ መብረር ስለምትወድ ነው» ትላለች። ብቻ የዚህ ከተማ ግማሽ ሕዝብ በዚያች መኪና ችኮላ የተወለደ ነው። ጡረታ ከወጡም በኋላ መንዳት አልተዉም። ጠዋት ጠዋት ቀሚሳቸውን ሰብሰብ አድርገው ይገባሉ፣ ሻሻቸውን ያስራሉ፣ ከዚያ አቧራ ነው።

የምራትሽ ታላቅ ወንድም ግን መኪናዋ እንድትሸጥ ይፈልግ ነበር። ክፉ ሰው አይደለም፤ እናቱን የሚወድ፣ ሲወድ የሚፈራ፣ ሲፈራ የሚቆጣ ሰው ነው። እናቱ ማርሽ ሲያንጓጉ ሰምቷል፣ ግንብ ታከው ሲያልፉ አይቷል። በመጨረሻ አንድ ቀን ማርሚታዋ ዝጎ ዝጎ መካከል መንገድ ላይ ወደቀ፤ አስፋልቱን እየፈተገ፣ የእሳት ፍንጣሪ እየበተነ እስከ ደጃፋቸው ተጎተተ። ሰፈሩ በሙሉ ወጥቶ አየ። ልጅየው «በቃ እማ፣ ገዢ አለኝ» ብሎ ጮኸ። እሳቸውም «ማርሚታ ይቀየራል፤ ማርሚታ ወደቀ ተብሎ መኪና አይሸጥም። ተሠርታ እንደ ድሮዋ ካልነዳኋት ያን ጊዜ ውሰዳት» አሉት። ተስማሙ። የወደቀውን ቱቦ በልብስ ማስጫ ሽቦ አስረው እያንኳኩ ጋራዥ ይዘዋት መጡ።

በጋራዣችን የማርሚታ ሥራ የእኔ ነው። ማርሚታ ማለት፣ መቼም አንቺ የልብስ ስፌት እንጂ ይሄን አታውቂም፣ የሞተሩን ጭስ ወደ ኋላ የሚያወጣ፣ ጩኸቱንም ሆዱ ውስጥ የሚያስቀር ቱቦ ነው። ጠባብ ከሆነ ሞተሩ ይታፈናል፤ ልቅ ከሆነ መንደር ይበትናል። ለእሷ የሚሆን ፈልጌ ፈልጌ አንድ አገኘሁ፤ ፋብሪካው መጀመሪያ እንደሠራላት ያለ፣ ጭምት፣ ጨዋ ድምፅ ያለው። ከተራ ብረት ስለሆነ ውሎ አድሮ ይዝጋል እንጂ ለሞተሯ ልክ ነው። ጥሩምባ ደግሞ ከመደርደሪያ የማይዝግ፣ እንደ መስታወት የሚያበራ፣ ድምፁ የወይፈን ፉከራ የሆነ አወረደ። እኔ በትሕትና ቀረብ ብዬ፣ እጄን አጣምሬ፣ ለመኪናዋ ዕድሜ የሚሻለው ጭምቱ እንደሆነ ለአማቴ አስረዳሁ። ብዙ አስረዳሁ እማዬ፤ በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ተናግሬ አላውቅም። አዳምጠው አዳምጠው ወደ ጥሩምባ ዞሩና «ይሄኛው ምን ይላል?» አሉት። ጥሩምባም ለአንዴ እውነት ይዞት «ጭምቱ ይሁን ነው የሚለው፣ ልክ ነው!» ብሎ ጮኸ። «አንተ ካልክ ይሁን» አሉት። ለእሱ! ደም ሥሬ ተገታተረ።

ቢሆንም በሥራዬ አሳያቸዋለሁ አልኩ። መኪናዋን በማንሻ ሰቅዬ ከሥሯ ገባሁ። የድሮ ብሎኖቿ ከዝገት ጋር ተጋብተው ልጅ ወልደዋል፤ አንዱ እንኳ በመፍቻ እሺ አላለም። ዘይት አጠጥቼ፣ በእሳት አሙቄ፣ እምቢ ያለውን በመጋዝ ቆርጬ አወረድኳቸው። አዲሱን በጎማ ማንጠልጠያዎቹ ላይ ሰቀልኩ። የዚህ ሥራ ሕጉ እንዲህ ነው፤ መጀመሪያ ሁሉንም ላላ አድርገሽ ትሰቅዪዋለሽ፣ ከዚያ መኪናዋን አውርደሽ ጎማዋ መሬት ሲረግጥ ከሞተሩ ጀምረሽ ወደ ኋላ ታጠብቂያለሽ። መኪና ተሰቅላ ሳለች የኋላ እግሮቿ ይንጠለጠላሉ፤ ስትወርድ ደግሞ ሁለቱን ጎማ የሚያያይዘው ብረት፣ አክስሏ፣ ወደ ላይ ይመለሳል። በአየር ላይ ያሰርሽው ቱቦ መሬት ስትወርድ ከአክስሉ ጋር ይላተማል። ይህን የማያውቅ ጀማሪ የለም። እኔ ግን አማቴ ከኋላዬ በርጩማ ላይ ተቀምጠው እጄን እጄን ያዩኛል። ላቤ ይንቆረቆራል። ለማሳመር ስጣደፍ ሁሉንም እዚያው በአየር ላይ ጥርቅም አድርጌ አሰርኩት።

አወረድኳት። ልሞክራት ሳልል አማቴ ገብተው አስነሱና ሄዱ። የጋራዡ ደፍ ላይ ስትደርስ «ጓ!» አለች። ከደፉ ስትወርድ «ጓ! ጓ!» እማዬ፣ የቤተ ክርስቲያን ከበሮ ነው የምትመስለው። ጥሩምባ እኔን አየኝ፣ እኔ መሬቱን አየሁ። ተከትዬ ሮጥኩ፤ ማን ሊደርስባቸው! ጎዳናው ላይ ጓ ጓ እያለች እስክትጠፋ ቆሜ ሰማሁ።

በማግስቱ ጠዋት እንደሚመጡ አውቄ ራሴን ለስድብ አዘጋጀሁ። መጡም። ከደፉ ላይ ጓ ብላ ገባች። ወርደው በሩን ጠረቀሙና «መኪናዬን ምን አደረጋችኋት? ትንፋሿ ጠፋ! በድን አደረጋችኋት!» አሉ። ጆሮዬን አላመንኩም። ምን ጠፋ? «ማርሽ መቼ እንደምቀይር አላውቅም፤ ዳገት ላይ ሁለት ጊዜ ጠፋችብኝ» አሉ። እሳቸው የፍጥነት መቁጠሪያ አይተው አያውቁም፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ ማርሽ የሚቀይሩት በሞተሩ ድምፅ ነው። እኔ ጠጋ ብዬ «እማማ፣ ከኋላ ጓ ጓ አይልም?» አልኳቸው። አልፈውኝ ሄዱ። ሙታን የሚቀሰቅስ መኪና ይዘው ዝም አለችብኝ ይላሉ!

ከዚያ ለጥሩምባ ሊያሳዩት ተመልሰው መኪናዋ ውስጥ ገቡ። ሞተሩ አልጠፋም ነበር፤ እየሠራ ነው። እሳቸው ግን ቁልፉን አዞሩት። የሚሠራ ሞተር ላይ ቁልፍ ሲዞር የብረት ጥርስ ከብረት ጥርስ ጋር ይፋጫል፤ «ኪርርርር» ሲል ጥሩምባ ራሱ ጆሮውን ያዘ። አማቴ ፊታቸው ቅንጣት አልተለወጠም። ቀስ ብለው መዳፋቸውን ከመሪው በላይ አሳረፉና ንዝረቱን ሲያገኙት ቁልፉን ለቀቁት።

ያን ጊዜ ገባኝ። ቆሜ ቀረሁ እማዬ። የጠዋቱ ሰላምታ፣ ግድግዳው፣ ሳህኑ፣ ሁሉም አንድ ላይ መጣብኝ። ሴትዮዋ አልናቁኝም። አልሰሙኝም! በጭራሽ ሰምተውኝ አያውቁም! ጥሩምባን የወደዱት ጨዋታ ስላወቀ አይደለም፤ ድምፁ ስለሚደርሳቸው ነው። እኔ ደግሞ ባከበርኳቸው ቁጥር ድምፄን ዝቅ፣ ይበልጥ ባከበርኳቸው ቁጥር ይበልጥ ዝቅ! እንግዲህ ጥፋተኛ ከተፈለገ አንቺ ነሽ። «በትልቅ ሰው ፊት ድምፅ አይነሳም» ብለሽ ያሳደግሽኝ ማን ነው? የኛ ቤት ሰው ሲጨዋወት ጎረቤት ጸሎት ላይ ያለን ይመስለው ነበር። «ዝም አይነቅዝም» ትዪኝ ነበር፤ ይኸው ነቀዘ፣ ነቅዞም ዱቄት ሆነ!

አውቄ ግን ምን ልናገር? ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባል የለ፤ ለሰው ሁሉ ብነግር ወሬው ልጃቸው ዘንድ ይደርሳል፤ የዚያኑ ቀን መኪናዋ ትሸጣለች፣ ያሸጥኩትም እኔ እሆናለሁ። ያን ጊዜ በእውነት ይጠሉኛል። አፌን ያዝኩ። እሳቸውም «ያንን የሚያበራውን ግጠሙልኝ» አሉ። ጥሩምባ እንደ ሙሽራ አሸብርቆ ወይፈኑን አመጣ። የእኔን ጭምት አውርደን ያንን ሰቀልን፤ በዚህኛው ግን ጎማዋ መሬት ረግጦ ነው ያሰርኩት። ሲያስነሷት የጋራዡ ቆርቆሮ ተርገበገበ። አማቴ በደስታ እጃቸውን አጨበጨቡ፤ «ነፍሷ ተመለሰች!» አሉ። ጣሪያዋን አጥፈው፣ ሻሻቸውን አስረው፣ ወደ በሩ ነዱ።

በሩን ይዤ የቆምኩት እኔ ነበርኩ። ከግንቡ ጀርባ አሸዋ የጫነ ትልቅ መኪና ቁልቁለቱን እየወረደ ክላክሱን ነፋ፤ ደግሞ ነፋ። ሁላችንም ሰማን። እሳቸው ወደ መንገዱ መውጣታቸውን ቀጠሉ። ምን እንደሆንኩ አላውቅም፤ መኪናዋ ፊት ዘልዬ ኮፈኗን በሁለት እጄ መታሁና «ይቁሙ! እማማ ይቁሙ!» ብዬ ጮኽኩ። እንደዚያ ያለ ድምፅ ከእኔ ይወጣል ብዬ አስቤ አላውቅም። ፍሬኑን ረገጡ። የአሸዋው መኪና ነፋሱን ጥሎብን አለፈ።

አማቴ ሞተሩን አጥፍተው አዩኝ። ትክ ብለው አዩኝና «አንተ ድምፅ አለህ እንዴ?» አሉኝ። እኔም አንዴ ተከፍቷልና መዝጋት አቃተኝ፤ «ድምፅማ አለኝ እማማ! ጆሮ ነው የሌለዎት!» አልኩ፤ ያውም እየጮኽኩ። ወዲያው ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። አማቴን! በሰው ፊት!

የስድብ መዓት ጠበቅሁ። እሳቸው ግን መሳቅ ጀመሩ። ሲስቁ ሲስቁ እንባቸው ወረደ። «ይሄን ሁሉ ዘመን አቀርቅረህ ከንፈርህን ስታንቀሳቅስ ሳይ፣ ይሄ ልጅ ምን አድርጌው ነው በሆዱ የሚረግመኝ እል ነበር» አሉኝ። እማዬ፣ ስረግማቸው! እኔ «እንደምን አደሩ» ስል እሳቸው እርግማን ይቆጥራሉ! የእኔም ሳቅ መጣ፣ እንባዬም መጣ። ጆሯቸው ከተዳከመ ቆይቷል፤ ያውቁታል። ልጄ ቁልፌን ይወስድብኛል ብለው ፈርተው ነው የደበቁት። አንድ ሰው ሲያወራቸው ተነስተው ሳህን የሚያነሱትም እንዳይነቃባቸው ነው። ከመኪናዋ ወረዱና ቁልፉን መዳፌ ላይ አስቀመጡት። «ሐኪም እስኪያየኝ አንተ ጋ ይቀመጥ» አሉኝ። ለጥሩምባ አልሰጡትም፣ ለልጃቸውም አልሰጡትም።

ለልጃቸው ራሳቸው ነገሩት። ምራትሽ ወደ ጆሮ ሐኪም ወሰደቻቸው፤ ከጆሮ ጀርባ የምትቀመጥ ጥፍር የምታክል መስሚያ ተደረገላቸው። ሐኪሙም «በዚህች መንዳት ይችላሉ፣ ያለሷ ግን መሪ እንዳይነኩ» አላቸው። አድርገዋት መጀመሪያ የመጡት ጋራዥ ነው፤ በእግራቸው፣ የምራትሽን ክንድ ይዘው። ሁሉ ነገር ብርቅ ሆነባቸው። የወረቀት ድምፅ ሰምተው ዞሩ፣ ጣሪያ ላይ ያሉትን ወፎች ቀና ብለው ፈለጉ። ጥሩምባ እንደ ልማዱ «እማማ እንኳን ደህና መጡ!» ሲል ጆሯቸውን ይዘው «ምነው ልጄ፣ ደንቆሮ አደረግከኝ እንዴ? ሰው እንደዚህ ይጮሃል?» አሉት። የጥሩምባን ፊት ብታዪ! እኔ አንጀቴ ቅቤ ጠጣ።

ከዚያ ቁልፉን መለስኩላቸውና መኪናቸውን አስነሷት። ወይፈኑ አገሳ። አማቴ እንደ ልጅ ዘለው ወጡ፤ «ይሄን ጉድ ማን ነው የገጠመው?» አሉ። ጥሩምባ ሰማዩን አየ። እኔ እንደ ድሮዬ ዓይኔን ሰብሬ፣ ለራሴ ያህል፣ «እርስዎ ነዎት የመረጡት» አልኩ። ዞር አሉና «ሰምቼሃለሁ» አሉኝ። ምራትሽ ከሳቋ ብዛት ጎማ ላይ ተቀመጠች።

ጭምቱን ከመደርደሪያ አወረድኩና እንደገና ገጠምኩት። በዚህ ጊዜ አማቴ በርጩማ ላይ አልተቀመጡም፤ ባትሪ ይዘው ጎንበስ ብለው እያበሩልኝ «ይሄ ምንድን ነው? ያኛውስ?» ይሉኛል፤ እኔ በራሴ ድምፅ እመልሳለሁ፤ እሳቸው ይሰማሉ። ጎማዋ መሬት ረገጠ፣ በቱቦውና በአክስሉ መካከል ጣቴን አሳልፌ አየሁ፣ ከሞተሩ ጀምሬ ወደ ኋላ አጠበቅሁ። ደፉን ስትወጣ ምንም አላለችም። ልጃቸው አጠገባቸው ተቀምጦ ከተማውን ዞሮ መጣ። አማቴ አንድም ማርሽ አላንጓጉባትም። ልጅየው ከመኪናዋ ወርዶ የገዢውን ነገር አላነሳም፤ ኮፈኗን በእጁ ዳሰስ አደረገና «እማ፣ መንገድ ላይ ቀስ በይ» ብቻ ብሎ ሄደ።

ትናንት ደግሞ በራችን ላይ መጥተው ቆሙና ልጃቸውን ሳይሆን እኔን «ና ግባ» አሉኝ። ከከተማ ወጣን። ዛፎቹ ግራና ቀኝ ያልፋሉ፣ ነፋሱ ለስለስ ያለ ነው፣ ሞተሯ እንደ ስፌት መኪናሽ ሽር ትላለች። ብዙ ከሄድን በኋላ «እናትህ በሕይወት አሉ?» ብለው ጠየቁኝ። እማዬ፣ ስለ አንቺ ያልነገርኳቸው ቀን የለም እኮ። መጀመሪያ ቤታቸው የገባሁ ዕለት ነግሬያቸዋለሁ፤ ገበታ ላይ ነግሬያቸዋለሁ፤ ደብዳቤሽ በመጣ ቁጥር ነግሬያቸዋለሁ። ይህንኑ አልኳቸው። «እኔ አልሰማሁማ። ከመጀመሪያው ጀምረህ ንገረኝ» አሉ።

ነገርኳቸው። ከሰው ልብስ ትርፍራፊ ሸሚዝ ሰፍተሽልን በትምህርት ቤት ከሁሉ ያማርን እኛ እንደነበርን፣ አባዬ ታሞ በተኛ ጊዜ የስፌት መኪናሽን አልጋው አጠገብ አምጥተሽ ስትሰፊ እንዲያዳምጥሽ እንዳደረግሽ፣ እኔ ስሄድ አውቶቡሱ እስኪታጠፍ ፈገግ ብለሽ ቆመሽ ከታጠፈ በኋላ መሬት ላይ እንደተቀመጥሽ፣ ይሄንንም እህቴ እንደነገረችኝ። ድምፄን አላነሳሁም። በአንቺ ቤት ድምፅ ነው የነገርኳቸው።

አውቶቡሱ ጋ ስደርስ አማቴ ድንገት ከመንገድ ወጡና አቆሙ። ቁልፉን አዙረው ሞተሩን አጠፉት። እኔ መቼም ማርሚታ ሠራተኛ ነኝ፤ ምን ተበላሸ ብዬ ልወርድ በሩን ያዝኩ። ክንዴን ይዘው አስቀመጡኝ። «ምንም አልሆነችም፤ ድምፅህን እየሸፈነችብኝ ነው። ቀጥል» አሉኝ።

እንግዲህ እማዬ፣ ወሬዬ ይሄ ነው። አባዬን ጉልበቱን ሳሚልኝ፣ ጋቢውን ሳይደርብ ደጅ እንዳይቀመጥ ንገሪው። ለእህቴ፣ ይህን ጮክ ብላ እንድታነብልሽ እንጂ እንዳታንሾካሹክ፣ ሰላምታዬ ይድረሳት። ለባሏም፤ የዚያች አሮጌ ፒክአፕ ጭስ ጥቁር ከሆነ ዝም ብሎ እንዳይነዳት በይው። መንትዮቹን ጉንጫቸውን ሳሚልኝ፤ የትኛው የትኛው እንደሆነ እኔ እስክመጣ ተለይተው ይጠብቁኝ። የታችኛው ቤት ልብስ ሰፊ ባልደረባሽንም ሰላም በያት። ምራትሽ እጅሽን ትስማለች። አማቴ ደግሞ ስትመጪ ከአውቶቡስ መውረጃው የሚቀበሉሽ ራሳቸው መሆናቸውን፣ መኪናዋ ለሁለት ሰው ስለሆነች እኔ በእግሬ እንደምመጣ ንገራት ብለውኛል።

የሚወድሽ ልጅሽ

ከጋራዡ ጀርባ ካለችው ቤታችን
እሑድ፣ ግንቦት 9 ቀን